ቆሟል የተባለው ጋዝ፦ የሲኤፍሲ-11 ጉዳይ

የኦዞንን ሽፋን የሚበላው ሲኤፍሲ-11 የሚባለው ጋዝ ምርቱ በ2010 በመላው ዓለም መቆም ነበረበት። አገሮቹ በሙሉ ፈርመዋል። በየዓመቱ በሚልኩት ሪፖርት ላይም “ምርት ዜሮ” ብለው ሞልተዋል። ፋይሉ ተዘጋ፣ መደርደሪያ ላይ ወጣ፣ ሁሉም ወደየሥራው ሄደ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን አየሩ ሲለካ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር አልገጥም አለ። ወይ መለኪያው ተሳስቷል፣ ወይ አንድ ቦታ የሚዋሽ ሰው አለ።

ስለ ኦዞን ሲወራ ብዙ ሰው 1987 ላይ ያቆማል። ካናዳ፣ ሞንትሪያል ላይ እንዲህ ያሉትን ጋዞች ለማስቀረት ተፈራረሙ፣ ዓለም ዳነ፣ በቃ። እኔ ግን ከጠቅላላው ታሪክ በጣም የሚስበኝ ይሄ ከፊርማው 30 ዓመት በኋላ የመጣው ክፍል ነው። ውል መፈረም አንድ ነገር ነው። ውሉ ሲጣስ ማን ያውቃል፣ በምን ያውቃል፣ ካወቀስ በኋላ ምን ይሆናል የሚለው ሌላ ነው። (ዓመቶቹም ወራቱም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኦዞኑን ከሙቀቱ እንለይ

መጀመሪያ አንድ የሚምታታ ነገር አለ። እኛ ጋ በጋው ሲበረታ ታክሲ ውስጥ “ኦዞኑ ተቀዶ እኮ ነው” የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የኦዞን ሽፋን ከምድር በላይ ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለ፣ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያስቀር ጋዝ ነው። በጣም ስስ ነው። ሁሉንም ሰብስበው መሬት ላይ ባለው የአየር ግፊት ቢያነጥፉት ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሲሳሳ የሚጨምረው ጨረሩ ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ካንሰር ያመጣል፣ የዓይን ሞራ ያስከትላል፣ ሰብል ይጎዳል። ለምድር መሞቅ ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፦ ከነዳጅ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከደን የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ዘመዶቹ።

“ቀዳዳ” የሚባለውም ቢሆን እኛ አናት ላይ አይደለም። አንታርክቲካ ላይ ነው የሚፈጠረው፤ በየዓመቱ ከነሐሴ ጀምሮ ይመጣና ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ ይዘጋል። እዚያ የሚሆንበት ምክንያት ብርዱ ነው። ከዜሮ በታች ወደ 78 ዲግሪ ሲወርድ ሰማዩ ላይ ልዩ ደመና ይሠራል፣ ክሎሪኑ በዚያ ደመና ላይ ይዘጋጅና የፀደይ ፀሐይ ስትወጣ ኦዞኑን ይጨርሰዋል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምታቃጥለው ከምድር ወገብ ስለምንቀርብና ከፍታ ላይ ስለምንኖር ነው። ከፍታው በየ1000 ሜትሩ ጨረሩን 10 በመቶ ገደማ ይጨምረዋል። ይሄ ድሮም ነበር።

ታዲያ የታክሲው ሰውዬ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል? አልተሳሳተም። ኦዞኑን የሚበሉት ጋዞች ራሳቸው ሙቀትም ያፍናሉ። አንድ ቶን ሲኤፍሲ-11 በመቶ ዓመት ውስጥ ከአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ4500 ጊዜ በላይ ያሞቃል። ስለዚህ አንዱን ቧንቧ ስትዘጋ ሁለት ጉዳት ታቆማለህ፣ ስትከፍተው ደግሞ ሁለቱንም ትለቃለህ። የዚህ ጉዳይ ክብደትም እዚህ ላይ ነው።

ጋዙ ምን ይሠራ ነበር?

ፍሪጅህን በር ብትሰነጥቀው ውስጡ ጠንከር ያለ፣ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ፎም ታገኛለህ። ፖሊዩሪቴን ይባላል። አሠራሩ ሲታይ ደስ ይላል፦ ሁለት ፈሳሾች ይቀላቀሉና በብረቱና በፕላስቲኩ መሃል ይፈስሳሉ። ሲገናኙ በራሳቸው ይሞቃሉ። ከአንደኛው ፈሳሽ ጋር ቀድሞ የተደባለቀ ሌላ ነገር አለ፤ እሱ በ24 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሙቀቱ ሲመጣ ይፈላና አረፋ ይሆናል፣ ድብልቁ ያብጣል፣ ክፍተቱን በሙሉ ይሞላል፣ ወዲያው ደግሞ ይደርቃል። እልፍ አእላፍ የተዘጉ ጥቃቅን ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው በጋዝ የተሞሉ። ያ የሚፈላው ነገር ድሮ ሲኤፍሲ-11 ነበር።

ለሥራው እንዲያው ልክ የተፈጠረ ነገር ነው ማለት ይቻላል። አይቃጠልም፣ አይመርዝም፣ ርካሽ ነው፣ ሙቀት አያሳልፍም። ችግሩ ጋዙ ከፎሙ ውስጥ ቀስ እያለ ለአሥርት ዓመታት ይወጣል። ከወጣ በኋላ ደግሞ ታች አየር ላይ ምንም አይነካውም፤ ዝናብ አያጥበው፣ ከሌላ ነገር ጋር አይዋሃድ። ሽቅብ ይወጣና እላይ ኃይለኛው ጨረር ሲመታው ክሎሪኑን ይለቃል። አንድ የክሎሪን አቶም ሥራው እስኪያበቃ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ ሲብስም እስከ 100 ሺህ የኦዞን ሞለኪውሎችን ሊያፈርስ ይችላል። ጋዙ ራሱ አየር ላይ በአማካይ 50 ዓመት ያህል ይቆያል።

ይህን ሮውላንድና ሞሊና የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች በ1974 ጻፉት። ኢንዱስትሪው ተሳለቀባቸው። በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች፣ ፋርማን፣ ጋርዲነርና ሻንክሊን፣ ሃሌይ ከሚባለው የአንታርክቲካ ጣቢያቸው ላይ ኦዞኑ በየፀደዩ ክፉኛ እየሳሳ መሆኑን አሳዩ። መስከረም 16 ቀን 1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ። ሀብታም አገሮች እስከ 1996፣ ታዳጊ የሚባሉት እስከ 2010 ድረስ ሲኤፍሲን፣ ማለትም ሲኤፍሲ-11ንና ዘመዶቹን፣ እንዲያቆሙ ሆነ። ለታዳጊዎቹ መሸጋገሪያ የሚሆን ገንዘብ የሚሰጥ ፈንድም ተቋቋመ። ይሄ ፈንድ የሚለው ነገር በኋላ ይመጣልና ያዙት።

ጠርሙስ ውስጥ የታሸገ አየር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ፣ ቦልደር የሚባል ከተማ የኖአ ቤተ ሙከራ አለ። የአገሪቱ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ነው። ሥራው ከውጭ ሲታይ አሰልቺ ነው። አላስካ፣ ሃዋይ፣ ሳሞአ፣ ደቡብ ዋልታና ሌሎች ሩቅ ቦታዎች ላይ ያሉ ሠራተኞች ጥንድ ጥንድ ጠርሙስ በንጹሕ አየር ይሞላሉ፣ ያሽጋሉ፣ ይልካሉ። ቦልደር ላይ ተከፍቶ ይለካል። በሚቀጥለው ጊዜም ያው ነው። ለአሥርት ዓመታት። ጎን ለጎን አጌጅ የሚባል ሌላ የዓለም አቀፍ ጣቢያዎች መረብ ከ1978 ጀምሮ እዚያው ጣቢያው ላይ እየለካ ይመዘግባል።

የሚፈለገው ነገር መጠኑ ኢምንት ነው። ሲኤፍሲ-11 በብዛት በነበረበት በ1990ዎቹ አጋማሽ ከአንድ ትሪሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ 270 ገደማ ቢሆን ነው። በትሪሊዮን! ይህን መለየት የተቻለው ጄምስ ላቭሎክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1957 በሠራው መሣሪያ ዘር ነው። ላቭሎክ ራሱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ መሣሪያውን መርከብ ላይ ጭኖ ከእንግሊዝ ወደ አንታርክቲካ ሲጓዝ ሲኤፍሲ-11ን በሄደበት ሁሉ አገኘው። ከዚያ ምን ብሎ ጻፈ? ጋዙ የሚያሰጋ ነገር የለውም አለ። ትልቅ ሰውም ይስታል።

ምርት ካቆመ ጋዙ ምን መሆን አለበት? መቀነስ። ግን ቀስ ብሎ፤ ምክንያቱም አሮጌ ፍሪጅና የሕንፃ ግድግዳ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ተቀብሮ ቀርቷል፣ እሱ ያፈሳል። ከ2002 እስከ 2012 የተለካው ይኸው ነው፤ በዓመት 0.8 በመቶ ገደማ፣ ቀጥ ያለ ቁልቁለት። ከዚያ ከ2012 በኋላ ቁልቁለቱ ለዘብ አለ። አልቆመም፣ ወደ ላይም አልዞረም፤ የሚቀንስበት ፍጥነት ግን ወደ ግማሽ ወረደ።

ለተራ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። አሁንም እየቀነሰ ነው አይደል? ስቲቨን ሞንትስካ የተባለው የኖአ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ግን አልተዋጠላቸውም። ወዲያውም አልጮኹም፤ ይህን እወድላቸዋለሁ። ሊሆን የሚችለውን ሁሉ አንድ በአንድ ይዘው መፈተሽ ጀመሩ።

ምናልባት አሮጌ ሕንፃዎች በብዛት እየፈረሱ ይሆን? ይህ እንዲሆን ከአሮጌው ፎም የሚወጣው በጥቂት ዓመት ውስጥ በድንገት እጅግ መጨመር ነበረበት፣ ለዚያ ደግሞ ምንም ምልክት የለም። ምናልባት የላይኛው አየር ዝውውር ተለውጦ ይሆን? ከፊሉን ሊያስረዳ ይችላል፣ ሁሉንም ግን አያስረዳም፤ ዝውውሩ ቢሆን ኖሮ ሌሎቹም ጋዞች ተመሳሳይ ነገር ባሳዩ ነበር። ደግሞ የሰሜኑና የደቡቡ ንፍቀ ክበብ ልዩነት አለ። ጋዙ አዲስ የሚለቀቀው ሰሜን ላይ ከሆነ ሰሜን ከደቡብ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ልዩነቱም እየሰፋ ይሄዳል። እየሰፋ ነበር። ሃዋይ፣ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ በሚቀዳው አየር ውስጥም ሲኤፍሲ-11 ከፍ የሚለው ከምሥራቅ እስያ ከሚመጡ ሌሎች የኢንዱስትሪ ጋዞች ጋር አብሮ ነው።

ግንቦት 2018 ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡት። ከ2012 በኋላ የዓለም ልቀት በዓመት 13 ሺህ ቶን ገደማ ጨምሯል፣ ማለትም ወደ ሩብ የሚጠጋ ጭማሪ። የመጣውም ምናልባት ሪፖርት ካልተደረገ አዲስ ምርት ነው፣ አቅጣጫውም ምሥራቅ እስያ። የአገር ስም አልጠሩም። የነበራቸው ማስረጃ እስከዚያ ድረስ ስለማያደርስ እዚያው ላይ አቆሙ።

ስልኩን አንስቶ የጠየቀው

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል የፖሊስ ታሪክ ይመስላል። ኢአይኤ የሚባል፣ ለንደን ላይ የተቀመጠ የአካባቢ ወንጀሎችን የሚመረምር ድርጅት አለ። ሰዎቹ ሳተላይት አላስነሱም። የቻይና ፎም ፋብሪካዎችን አፈላልገው ጠየቁ። ሐምሌ 2018 ባወጡት ሪፖርት በ10 ክፍላተ ሀገር ውስጥ ያሉ 18 ኩባንያዎች ሲኤፍሲ-11 እንደሚጠቀሙ እንደነገሯቸው ጻፉ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞችም ሻንዶንግ ውስጥ ሺንግፉ የምትባል የፍሪጅ ፋብሪካዎች የበዙባት ከተማ ሄደው ተመሳሳይ ነገር ሰምተው ነበር። ዓይን ያወጣ ሥራ ነው። አንዳንዱ መደበቅ እንዳለበት እንኳ የሚያውቅ አይመስልም።

ለምን አደረጉት? እዚህ ላይ “ቻይና ሆን ብላ ዓለምን አታለለች” ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ እኔ ግን ነገሩ ከዚያ የተለመደና የሚያሳስብ ይመስለኛል። ሲኤፍሲ-11 ሲቀር ብዙ ፋብሪካዎች ወደ ኤችሲኤፍሲ-141ቢ ተሻገሩ። እሱም ኦዞን ይጎዳል፣ ግን በመጠኑ፣ ስለዚህ ጊዜያዊ መሸጋገሪያ ነበር። በ2013 ታዳጊ አገሮች የኤችሲኤፍሲ ምርታቸው ባለበት እንዲቆም፣ በ2015 ደግሞ 10 በመቶ እንዲቀንስ ግዴታው መጣ። ኮታው ጠበበ፣ ዋጋው ወጣ። ቀጣዩ አማራጭ ሳይክሎፔንቴን ነው፤ እሱ ኦዞን አይነካም ግን ተቀጣጣይ ስለሆነ የፋብሪካውን መሣሪያ፣ የአየር ማውጫውንና የኤሌክትሪክ መስመሩን መቀየር ይጠይቃል። ትልቁ ፋብሪካ ያደርገዋል። አሥር ሠራተኛ ይዞ ጣሪያ ሥር የሚሠራው ትንሹ ከየት ያመጣል? በዚህ መሃል አንድ ነጋዴ በርሜል ይዞ ይመጣል። ረከስ ያለ፣ የማይቃጠል፣ በድሮው ማሽን የሚሠራ፣ ፎሙም የሚያምር። ዕቃውን ለመሥራትም የሚያስፈልገው ኬሚካል በሌላ ምርት ሂደት እንደ ተረፈ ምርት የሚገኝ ነው። ፈላጊ ካለ አቅራቢ አይጠፋም።

ማለትም ሁለተኛው እገዳ የመጀመሪያውን እገዳ የሚጥስ ገበያ ፈጠረ። እገዳው ልክ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ልክ ነበር። ለትንንሾቹ ግን መሄጃ ሳይዘጋጅ ነው የጠበበው፣ እዚያ አካባቢ የሚመጣ ተቆጣጣሪ ደግሞ ብዙም የለ።

አሁን ያን ፈንድ አስታውሱ። ቻይና የፎም ዘርፏን ከሲኤፍሲ-11 እንድታላቅቅ ከፈንዱ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈቅዶላት ነበር። የሲኤፍሲ ምርትን ደግሞ በ2007፣ ከቀነ ገደቡ ቀድማ አቁማለች ተብሎ ተጨብጭቦላታል። ስለዚህ ዜናው ሲወጣ ቤጂንግ መሸማቀቋ አይገርምም። የስምምነቱ አባል አገሮች በ2018 መጨረሻ ኪቶ፣ ኢኳዶር ሲሰበሰቡ ጉዳዩ ዋና መነጋገሪያ ሆነ። የቻይና ባለሥልጣናት በመጀመሪያ አካባቢ የኢአይኤን መረጃ በሙሉ አልተቀበሉትም፦ ምርመራ አካሂደናል፣ ከመረመርናቸው ከሺህ በላይ ድርጅቶች ውስጥ ጋዙ የተገኘው አሥር ላይ ብቻ ነው፣ ይህ ደግሞ ዓለም ላይ የታየውን ጭማሪ አያስረዳም አሉ። እውነት ለመናገር፣ የስልክ ንግግርና የነጋዴ ወሬ ብቻውን ፍርድ ቤት የሚያቆም አይደለም። ይህን ያህል ቶን ከዚህ ቦታ ወጣ የሚል ልኬት ያስፈልግ ነበር።

ጄጁ ደሴት ላይ የነፈሰው ነፋስ

ልኬቱ ከጎረቤት መጣ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ጄጁ ደሴት ጫፍ ላይ ጎሳን የሚባል ጣቢያ አለ። ጃፓን ደግሞ በደቡብ ጫፏ ሃተሩማ ደሴት ላይ ሌላ አላት። ሁለቱም ቀን ከሌት አየር ይለካሉ። ጎሳን ያለበት ቦታ ለዚህ ሥራ ልዩ ነው፦ ነፋሱ በስተደቡብ ካለው ውቅያኖስ ሲመጣ ንጹሕ አየር ይደርሰዋል፣ የልኬቱ መስመር ዝቅ ይላል፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲዞር ግን ከቻይና ምሥራቃዊ ክፍል የተነሣውን አየር ነው የሚተነፍሰው። ሲኤፍሲ-11 የሚለቅ ነገር ካለ መስመሩ ለሰዓታት ሽቅብ ይተኮሳል። ነፋሱ ሲዞር ይወርዳል።

እነዚያ ተኩሶች ከ2013 ጀምሮ እየረዘሙ መጡ። መርማሪዎቹ እያንዳንዱን ከፍታ ወስደው ያ አየር ከቀናት በፊት የት የት አልፎ እንደመጣ በአየር ጠባይ ሞዴል ወደ ኋላ አሰሉ። ማት ሪግቢ ከብሪስቶል፣ ሰንዮንግ ፓርክ ከኮሪያው ክዩንግፑክ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌሎችም። አንድ ሞዴል አልበቃቸውም፤ የተለያዩ ቡድኖች በተለያየ ዘዴ አሰሉት፣ ውጤቱ ተቀራረበ። ግንቦት 2019 ኔቸር ላይ ወጣ፦ ከምሥራቅ ቻይና የሚወጣው ሲኤፍሲ-11 ከ2014 እስከ 2017 በነበሩት ዓመታት ከ2008 እስከ 2012 ከነበረው በዓመት 7 ሺህ ቶን ገደማ በልጧል። ጭማሪው የመጣው በዋናነት ከሻንዶንግና ከሄቤይ አካባቢ ነው። ኮሪያና ጃፓን ላይ ጭማሪ የለም።

ሻንዶንግ። ጋዜጠኞቹ የሄዱበት ያው ክፍለ ሀገር። ስለ ፋብሪካዎቹ ምንም የማያውቅ የአየር ሞዴልና ስለ አየር ሞዴል ምንም የማያውቅ የፍሪጅ ሠሪ ጣታቸውን ወደ አንድ ቦታ ቀሰሩ። ከዚህ በኋላ “አስር ድርጅት ብቻ ነው” የሚለው መልስ ብዙ አላስኬደም።

ቀጥሎ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከውጭ የሚታየው ትንሽ ነው። ፍተሻው ጠነከረ፣ ጋዙ በየቦታው ተያዘ፣ በ2020 ደግሞ ዠጂያንግ ውስጥ አንድ ፍርድ ቤት ሲኤፍሲ-11 የተጠቀመ ኩባንያን በገንዘብ ቀጣ፣ የኩባንያውን ኃላፊም እስር ፈረደበት። አየሩስ? አየሩ ቀድሞ ተናግሯል። የካቲት 2021 በወጡ ሁለት ጥናቶች እንደታየው የዓለም ልቀት ከ2018 እስከ 2019 በአንድ ዓመት ውስጥ 18 ሺህ ቶን ገደማ ወርዶ ወደ 52 ሺህ ቶን ተመለሰ፤ ከችግሩ በፊት የነበረበት ማለት ነው። ከምሥራቅ ቻይና የሚወጣውም ወደ ድሮው ደረጃ ገባ። ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም። በአየር ንብረት ጉዳይ እንዲህ ዓይነት ፍጥነት አይቼ አላውቅም።

ስንት አስከፈለ?

ኦዞኑን በተመለከተ፣ ቶሎ ስለተያዘ ጉዳቱ ትንሽ ነው። የ2022ቱ ዓለም አቀፍ ግምገማ እንደሚለው አሁን ያለው አካሄድ ከቀጠለ የኦዞን ሽፋን በአብዛኛው ዓለም በ2040 አካባቢ፣ አርክቲክ ላይ በ2045፣ አንታርክቲካ ላይ ደግሞ በ2066 አካባቢ ወደ 1980 ደረጃው ይመለሳል። ማጭበርበሩ ለአሥርት ዓመታት ቢቀጥል ኖሮ ይህ ቀን ክፉኛ ይገፋ ነበር።

የሙቀቱን ሒሳብ ግን ሥሩት። 13 ሺህ ቶንን በ4500 አባዙት። በዓመት ወደ 60 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጠጋ ነው። ኢትዮጵያ ሙሉ ዓመት ናፍጣና ቤንዚን፣ የሲሚንቶ ፋብሪካውን ከሰል፣ ሁሉን አቃጥላ ከምትለቀው ከእጥፍ በላይ ነው። ለፍሪጅ በር። ደግሞ የለቀቁት ብቻ አይደለም፤ በእነዚያ ዓመታት የተሠራው ፎም አሁንም ግድግዳና ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ገና ለረጅም ጊዜ ያፈሳል።

በተቃራኒው ደግሞ ስምምነቱ ባይኖር ኖሮ የሚለውን ያሰሉ አሉ። በ2009 የናሳ ሳይንቲስቶች የመሩት አንድ ጥናት ሲኤፍሲ ያለ ገደብ ቢቀጥል በ2065 ከዓለም ኦዞን ሁለት ሦስተኛው ይጠፋ እንደነበር አሳይቷል። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ጨረሩ ዕፅዋትን ጎድቶ ካርቦን እንዳይመገቡ የሚያደርገውን ጨምሮ ሲያሰላው፣ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተጨማሪ 2.5 ዲግሪ ሙቀት ይመጣ ነበር ይላል። አሁን ካለብን ላይ ማለት ነው። በ1987 የፈረሙት ሰዎች ስለ ሙቀት ብዙም አላሰቡም፤ ለሙቀቱም ግን እስከ ዛሬ ከተፈረሙት ውሎች ሁሉ ይሄን ያህል የጠቀመ እንዳለ እጠራጠራለሁ።

እኛን የሚነካው

ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ሰው ምን ያደርጋል? ፍሪጅ ይገዛል፣ ኤሲ ያስገጥማል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ ያለ ሰው ኤሲ የቅንጦት ዕቃ ነው ቢሉት ይስቅባችኋል። ክትባት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ ወተት ይፈልጋል፣ ወደ ውጭ የሚላከው አበባ ይፈልጋል። ከተለወጠ አየር ጋር መኖር በከፊል ማቀዝቀዝ ነው። የምናቀዘቅዝበት ጋዝ ደግሞ ራሱ የሚያሞቅ ነው። ሲኤፍሲን የተኩት ኤችኤፍሲዎች ኦዞን አይነኩም፣ ለምሳሌ ብዙ ፍሪጅና መኪና ውስጥ ያለው 134ኤ፣ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1300 ጊዜ በላይ ያሞቃል። ለዚህ ነው ጥቅምት 2016 ኪጋሊ ላይ፣ እዚሁ ሰፈራችን፣ ፕሮቶኮሉ ተሻሽሎ ኤችኤፍሲም ቀስ በቀስ እንዲቀነስ የተወሰነው። በደንብ ከተተገበረ እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ እስከ ግማሽ ዲግሪ ሙቀት ያስቀራል።

የኪጋሊው መርሐ ግብር ደረጃ በደረጃ እየጠበበ ይሄዳል፣ ልክ ኤችሲኤፍሲ በ2013 እንደጠበበው። ያኔም ዋጋ ይወጣል። ያኔም በርሜል ይዞ የሚመጣ ነጋዴ ይኖራል። መርካቶ ሄዶ የፍሪጅ ጋዝ ለሚገዛው ባለሙያ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው አንድ መሆኑን የሚያረጋግጥለት ማን ነው? ጥገና ሲደረግስ አሮጌው ጋዝ ወዴት ይሄዳል? ብዙ ጊዜ መልሱ ቱቦውን ከፍቶ ወደ አየር መልቀቅ ነው፤ መሰብሰቢያ ማሽኑ ውድ ነው፣ ደንበኛውም ለዚያ አይከፍልም። ባለሙያውን መውቀስ አይበቃም። የሻንዶንጉ ትንሽ ፋብሪካ የገባበትም ጭንቅ ከዚህ የራቀ አልነበረም፦ ደንቡ ወጥቷል፣ መሄጃው ግን አቅሙን አይመጥንም።

አንድ ያልተዘጋ ነገር አለ፤ ጋዜጦቹ አብዛኛውን ጊዜ ይዘሉታል። ምሥራቅ ቻይና እንደሚያስረዳው የታወቀው ከዓለም ጭማሪ ቢያንስ ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆነው ነው። ቀሪው ከየት መጣ? አልታወቀም። የመለኪያ ጣቢያዎቹ ያሉበት ቦታ ስለተወሰነ ነው። ጎሳን የሚያየው ነፋሱ የሚያመጣለትን ነው፤ ከምዕራባዊ ቻይና፣ ከአብዛኛው የእስያ ክፍል፣ ከደቡብ አሜሪካና ከአፍሪካ የሚለቀቀውን እንዲህ ባለ ዝርዝር የሚለይ መረብ አልነበረም። በ2023 ደግሞ ሌላ ጥናት ወጣ፦ አምስት ሌሎች የሲኤፍሲ ዓይነቶች ከ2010 እስከ 2020 አየር ላይ ጨምረዋል። መጠናቸው ትንሽ ነው። ሦስቱ ሌላ ኬሚካል ሲመረት በከፊል የሚያፈተልኩ ናቸው፣ ያንን ደግሞ ፕሮቶኮሉ አይከለክልም። የሁለቱ ምንጭ እስካሁን አይታወቅም።